ቋጠሮ መቁጠር

ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ ሐይቁ ገደል በሚልስበት፣
«ጥርሱ» የምንለው ቋጥኝ አለ፣ ክረምት ከበጋ የምንሰቀልበት።
ቁመቱ ሦስት ሰው ይሆናል፣ አንዱ ባንዱ ትከሻ ቢቆም፤
ከላዩ ያልዘለለ ጎረምሳ፣ በሰፈሩ ስም የለውም።

ያን ቅዳሜ ሦስት ነበርን፤ ሾንዴ፣ እኔና ካያሞ፤
ታች ከጀልባው አጠገብ፣ መረብ ይጠግናል ለዳሞ።
ሾንዴ ሸሚዙን አውልቆ፣ ጫማውን ስንጥቅ ውስጥ ከትቶ፣
«ቅረጸኝ» አለው ካያሞን፣ ደረቱን ለንፋስ ሰጥቶ።
አምና ዘሎ ያውቃል እሱ። አምና ምንም አልነካውም።
አምና ግን ውሃው የአምና ነው፤ ዘንድሮን አያውቀውም።

ለዳሞ አንገት የለውም። ማለቴ፣ አንገቱ አይዞርም፤
ሲጠሩት ከወገቡ ነው፣ እንደ በር፤ ራሱ ብቻ አይመለስም።
ምን አግኝቶት እንደሆነ፣ ጠይቀነው አናውቅም።

«አንተ!» አለ። ደግሞ አልጮኸም፤ ዋጋ የሚጠይቅ ይመስላል፣
«ታች ያለውን አይተኸዋል? ወይስ ሰማዩ ነው የሚታይህ?»
«ውሃ ነዋ!» አለ ሾንዴ። ሳቅን። ውሃውም አብሮ ሳቀ።
(እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ተረት፣ ለኛ ድሮ አለቀ።)

ጀልባዋን ገፍቶ ገባ፣ መረቡን እዚያው ጥሎ፤
ገመድ አወጣ ከጥጓ፣ የባጃጅ ጊር ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ፤
በየክንዱ ቋጠሮ፣ ቋጠሮው በቀይ ጨርቅ ታስሮ።
«ቁጠሩልኝ» አለን፣ «እኔ ዓይኔ ደክሟል ዘንድሮ።»

አንድ፣ ሁለት... ከጥርሱ ሥር፣ አስር ቋጠሮ ወረደ።
ሾንዴ «ይኸው! በቂ ነው» ብሎ፣ አንድ እግሩን ወደ ጫፍ ሰደደ።
«ቆይ፣ አንተ ገመድ ነህ እንዴ? ቀጥ ብለህ ነው የምትወርደው?
ሮጠህ ነው የምትዘለው። ሩጫህ ወዴት ነው የሚወስደው?»

ትንሽ ወደ ፊት ቀዘፈ። እንደገና ጣለ። አስር።
ወደ ግራ። አሁንም አስር። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ በጥቂቱ ሲዞር፣
አንድ፣
ሁለት፣
ሦስት።
ገመዱ ላላ። ሲጎትተው፣ ጊሩ ታች ተያዘ፣ አልመጣ፤
ሲለቅ በጥርሶቹ መካከል፣ ጥቁር ቅርፊት ይዞ ወጣ።

«ሾላ ነው» አለ ለዳሞ። «እዚህ ድሮ ዳር ነበረ፤
ጥላው ሥር ቆሮሶ እንሸጥ ነበር። ሐይቁ ሞላ፣ ግንዱ ቀረ።»
ሾንዴ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ። ጉልበቱን በሁለት እጁ አቅፎ።
ካያሞ ስልኩን አላጠፋም። ቪዲዮው ዛሬም አለ፦
የአንድ ልጅ ጀርባ፣ አንዲት ጀልባ፣
አስራ አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ምንም የማይሆንበት።

አትዝለሉ አላለንም። «ደሞስ» አለ፣ «መውጫው በየት ነው?»
እኛ መግቢያውን እንጂ፣ መውጫውን መች አስበን ነው?
በግራ ቀጥ ያለ ገደል፣ በቀኝ ደንገል፣ ደንገሉ ውስጥ ጉማሬ፤
«የቤቱ ባለቤት ናት» አለ፣ «እንግዳ አትወድም እስከ ዛሬ።»

ሾንዴ አሁን አዳማ ነው፣ የጭነት መኪና ይነዳል።
ጎማውን በእግሩ ሳይመታ አይነሳም አሉ፤ ረዳቱ ያማርራል።
ገመዱ እኔ ጋ ደረሰ። ቋጠሮው ላይ ቀዩ ጨርቅ ነጥቷል።

ልጆች ከጥርሱ ላይ ቆመው፣ ንፋስ ሳይነሳ በጠዋት፣
«ትናንት ለክተኸው የለም እንዴ?» ይሉኛል፣ በመሰልቸት።
ለክቻለሁ፣ እላለሁ። ጊሩን እጥላለሁ ደግሜ።
ግራ። ፊት። ቀኝ። ከዚያ «በዚህ በኩል» እላለሁ፣ ጀልባዬ ላይ ቆሜ።
ይዘላሉ። አረፋው ይዘጋል። እኔ ውሃውን አፍጥጬ፣
ጸጉር ብቅ እስኪል ድረስ እቆጥራለሁ፣ መቅዘፊያዬን ጨብጬ፤
ይኼኛው ቋጠሮ ጨርቅ የለውም።

ዳር ላይ፣ አባ ኮዳዎቹ መሐል፣ ለዳሞ ከዘራው ላይ ተደግፎ፣
«ስንት ሆነ?» ይለኛል፣ ከወሬው ሁሉ ተርፎ።
«አስር» እለዋለሁ። «አስር።»
ዝም ይላል። ከዚያ ይዞራል፣ ከወገቡ፣ እንደ በር፦
«በቀኝስ?»