ውሃ ልክ

የቢሮዬ መስኮት ወንዙን አያሳይም፣
ወንዙ በካርታ ነው፤ ካርታውም አይሸትም።
ሠላሳ ሜትር ግራ፣ ሠላሳ ሜትር ቀኝ፣
አረንጓዴ ቀባሁ ምንም ሳያደክመኝ።
አንድ ጠቅታ ነበረ፤
አርባ ስድስት ጣሪያ ከቀለሙ ሥር አደረ።

ኃላፊዬ አየና «ሳንባ ይመስላል» አለኝ፣
«ከተማው ይተነፍሳል።»
ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።
ሳምንቱን ሙሉ ያችን ቃል ከሻይ ጋር ጠጣኋት።

ከዚያ ነው ወደ ታች የወረድኩት፣
ሜትርና ውሃ ልክ ይዤ፣ ጫማዬን ለጭቃ ቀይሬ፣
ከፍልውሃ ዝቅ ብሎ፣ ከድልድዩ ሥር፣
በካርታው «ዳርቻ ቁጥር ሰባት»፣
በሰው አፍ «ሙዘይን ጓሮ» ከሚባለው ሰፈር።

ሙዘይን ቆስጣ ያለማል። ሰላጣም። ቀይ ሥርም።
ሃያ ስድስት ዓመት።
ወንዙ ከላይ የሚያመጣለትን ይለያል፦
ፌስታል፣ ሶል የሌለው ጫማ፣ የሞተ ውሻ፣
አንዴማ ሙሉ ሶፋ፤ ሁለት ክረምት ተቀመጡበት።
ውሃውን ግን እንዲሁ ለቆስጣው አይሰጥም፤
አሸዋ፣ ጠጠር፣ ደንገል በሞላው ገንዳ
ቀስ አድርጎ ያሳልፈዋል።
በሦስተኛው ቀን አንቺ አንተ ተባባልን፤
«ማን አስተማረህ?» አልኩት።
«የኢክራም ተቅማጥ» አለኝ። ልጁ ናት።
እኛ ቢሮ ይህ ገንዳ ረጅም ስም አለው፤
በጀትም ተይዞለታል፤ አልተጀመረም።

«ሠላሳ ሜትር» አልኩት፣ ሜትሩን እየዘረጋሁ።
ሳቀ።
«ውሃ ቁጥር አያውቅም፣
ባለ ርስት ነው፤ ድንበሩን ግን አይረሳም።
ነይ ላሳይሽ።»

እዚህ፣ አለቱ ጋ፣ ከአራት ሜትር አልፎ አያውቅም።
እዚያ፣ የጥላነሽ ጉሊት ጋ፣
በነሐሴ ሃምሳ ሜትር ይሻገራል።
እዚህች ዋንዛ ላይ ደግሞ በቢላ የጫራቸው፣
በየክረምቱ አንድ፣
የልጅ ቁመት በመቃን ላይ እንደሚለካ።
የመጨረሻው ጭረት ከትከሻዬ በላይ ነው።
ውሃ ልኳን አስጠጋሁ፤
አረፋዋ ተንሸራታ መሃል ላይ ቆመች።
ስሟ ውሃ ልክ ነው፤ የውሃን ልክ ስትለካ ያየኋት ያኔ ነው።
ከጭረቱ ቀጥ ብዬ ሳይ
መስመሩ በአንድ የቆርቆሮ በር ገባ፣
በአልጋ ራስጌ፣ በተሰቀለ የተማሪ ቦርሳ መሃል።
«ይሄ የማን ቤት ነው?»
«የኔ።»

ሌላ አላለም።
መዋሸት ይችል ነበር፤ ማን ያውቅበት ነበር?
በቢላ የመጣ ጭረት በቢላ ይሄድ ነበር።

ባንተ ይቀጡ ይሉታል ወንዙን፤
ማን በማን ላይ እንደፈረደ አላውቅም ፍርዱን።
የጣልነው ከላይ፣
የተቀጣው ከታች።

ማታ ተመልሼ ቀጥ ያለውን መስመር ደመሰስኩ።
አለቱ ጋ ጠበበ፤ ሠላሳ ስምንት ጣሪያ ከቀለሙ ወጣ።
ጉሊቱ ጋ ሰፋ።
ቆስጣው፣ ገንዳው፣ ደንገሉ ካሉበት አይነሡም ብዬ ጻፍኩ።
አረንጓዴ ማለት ሰው የሌለበት ማለት አይደለም፣
ብዬም ጻፍኩ፤ አጠፋሁት፤ መልሼ ጻፍኩት።
ለሚነሡት ስምንት ቤቶች
ዳገቱ ላይ ያለው የመኪና ማቆሚያ ይሰጥ፣
ከጓሮአቸው በእግር የሚደረስ ነውና።
ከስምንቱ አንዱ የሙዘይን።

ኃላፊዬ አየና «ተጨማደደ» አለኝ።
«ሳንባም ሲተነፍስ ይጨማደዳል።»
አልሳቀም። «ለስብሰባ ይቅረብ» ብሎ ጫፉ ላይ ፈረመ።
ስብሰባው ከሰኔ ወደ ሐምሌ ሄደ፤
ከሐምሌ ወደ ነሐሴ።

ዛሬ ነሐሴ ሦስት ነው። በእንጦጦ በኩል ጠቁሯል።
ካርታው ጠረጴዛዬ ላይ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል።
ስልኬ ጮኸ። ከኋላው የውሃ ድምፅ አለ።
«ጭረቱ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ቀረው» አለኝ ሙዘይን፤
«ልጆቹን ወደ ላይ አውጥቻቸዋለሁ።
ስብሰባው እንዴት ሆነ?»