ቴራና ተራ

ቅርያት ጋት፤ ሰኔ ነው፤ ሌቱም አልበረደ።
ነሪያ ሁለት ካርድ ስክሪኑ ላይ ደርድሮ
አንዱን ጠላ፣ አንዱን ወደደ፣
መልሶ የጠላውን ወደደ።

«ይኼ ሃያ ዘጠኝ ቴራ፣
ያኛው ሃያ ሁለት...»
«ተራ ከሆነማ ምነው ዋጋው ተሰቀለ?»
ሳቀብኝ።
«ቴራ ነው፣ አባ፤ በሴኮንድ ትሪሊዮን ስሌት ማለት ነው» አለ።
«ግን በወረቀት ነው፤ ሲሠራ ይግላል፤
ሲግል ይዘገያል።»

ይህንስ አላጣሁት።
እኔም በወረቀት የሒሳብ መምህር ነኝ፤
ቺፕ ፋብሪካው በር ላይ ቦርሳ ስፈትሽ ነው የሚነጋልኝ።

«ቀርፋፋው ግን ትውስታው እጥፍ ነው፣ አሥራ ስድስት ጊጋ፤
ፈጣኑ ስምንት ብቻ፤
ሦስት መቶ ዋት ይውጣል፣ ክረምት ከበጋ።»

ዋት ሲል ነቃሁ።
የመብራት ቢሉን ከኪሴ አውጥቼ
ስክሪኑ ሥር አስቀመጥኩለት፦
«ቴራውን አንተ ቁጠር።
የዚህ ተራ የኔ ነው።»