አንዴ የገጠመ ከንፈር

ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በጠበቃ ቢሮና በጥርስ ሐኪም መሀል፣ እንደ ሽንቁር በምትታይ
አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ድምፅ እገለብጣለሁ፤
እነሱ አንድ ደቂቃ ያወራሉ፣ እኔ ስድስት ደቂቃ እለቅማለሁ።

የሰሞኑ ድምፅ የወይዘሮ ፀዳለ ነው።
ፊት ለፊት ባገኛት አንቱ ነበር የምላት፤
ሦስት ሌሊት ጆሮዬ ውስጥ ካደረች በኋላ ግን አንቱታው ጠፋባት።
ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ሰሌዳ ፊት፣ ገመድ ከቀዳዳ እየሰካች፣
ጎሬን ከደሴ፣ ባልን ከሚስት፣ አበዳሪን ከተበዳሪ አገናኘች።

ጭንቄ ሌላ ነው። ምስሏና ድምፇ ተኳርፈዋል።
መጀመሪያ ላይ ይስማማሉ፤
አሥረኛው ደቂቃ ላይ አንድ ርግብግቢት ያህል ይራራቃሉ፤
አርባኛው ላይ ከንፈሯ ተዘግቶ ቃሏ ገና ይመጣል፣
መብረቁ ካለፈ ወዲያ ነጎድጓዱ እንደሚያጉረመርም።

ድምፁን ስድስት ፍሬም ገፋሁት፤
መሀሉ ሲቃና መጀመሪያውን አጠፋሁት።
ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትሁ። ካሼውን ጠራረግሁ።
«ምላሽ አይሰጥም» ይላል ስክሪኑ።
እኔም፣ አልሁት።

ጋሽ ምትኩ ደወለ፦ «ለሐሙስ ነው ያልነው፣ ምን ሆነህ ነው?»
«ከንፈሯ አልገጥም አለኝ።»
«ከንፈር ምን ያደርግልሃል? ፎቶ ደርብበትና ሸፍነው!»

ሠላሳ አንድ ደቂቃ ከሰባት ሰከንድ።
ሐመልማል ትጠይቃለች፦ «የሰው ወሬ ይሰማ ነበር?»
ፀዳለ መነፅሯን ታወልቃለች።
«ክልክል ነው። ፈርመን ነው የገባነው።
አንድ ሌሊት ግን፣ አንድ ሰው ለሚስቱ ሲነግራት፣ እኔ…»
እዚህ ጋ ሲኖ ትራክ የኋሊት ይመጣል፣ ጢጥ ጢጥ ጢጥ፣
የፈረሰውን ሠራተኛ ሰፈር ሊጭን።
አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደገምሁት።
በቅንፍ ውስጥ «አይሰማም» ብዬ ጻፍሁት።

«አልሰማሁም» ይሆን? ወይስ «ሰምቻለሁ»?
በሁለቱ መሀል አንድ ዕድሜ አለ፤ በምን ድፍረት እገምታለሁ?

ተስፋ ቆርጬ ሳሳልፍ፣ ስለ ሌላ ነገር ታወራለች፦
«ጎሬ ሩቅ ነው፣ ድምፅ ይዘገያል። መስመሩ በረዘመ ቁጥር መዘግየቱም ይረዝማል።
አዲሷ ልጅ ሰውየው የሌለ መስሏት ትዘጋለች፤
የቆየች ግን ትጠብቃለች።»

ጣቴ ቆመ።
በረዘመ ቁጥር!
ጥፋቱ ከቦታው አይደለም፣ ከፍጥነቱ ነው።
የሐመልማል ስልክ ፍሬሙን አንዴ ሠላሳ፣ አንዴ ሃያ ዘጠኝ እያለ፣
እንደ ሰካራም ዳገት ሲወጣ ነው የቀረጸው፤
መቅረጸ ድምፁ ግን እንደ ሰልፈኛ ወታደር ነው የሄደው።
እኔ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ የምገፋው!

ፋይሉን ቋሚ ፍጥነት እንዲይዝ ሰጠሁት። አርባ ደቂቃ።
መስኮቱ ጋ ቆምሁ። ታች ቸርችል ጎዳና ላይ ረዳቱ
«አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! አንድ ሰው!» ይላል፤
አፉ ከድምፁ ጋር ልክክ ብሎ ይገጥማል።
ቀናሁበት።

ዘጠና ሰባት በመቶ ላይ መብራቱ ብልጭ አለ፤
ልቤ ወረደ። ማሽኑ ግን አልጠፋም።

ሠላሳ አንድ ከሰባት። ቃሏ የቱ ጋ እንደሆነ አሁን ይታወቃል።
ድምፁን ዘጋሁት። ፊቷ ብቻ።
«አልሰማሁም» ካለች ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ይገጥማል፣
አንዴ «ማ» ላይ፣ አንዴ መጨረሻው «ም» ላይ።
ፍሬም በፍሬም።
አንዴ ገጠመ።
ተከፈተ፤ የጎደለ ጥርሷ ታየ፤
መጨረሻ ላይ እንደሚያፏጭ ሰው ሞጠሞጠ።
ሌላ የለም።

ቅንፉን ሰረዝሁ። ቃሉን ለመጻፍ እጄ እምቢ አለ።
ቁጥሯ ከስምምነት ቅጹ ላይ ነበር። ደወልሁ።
«አቤት» አለኝ፣ ያ ጆሮዬ ውስጥ ያደረው ድምፅ፤
አንቱታው ተመለሰብኝ።
«እትዬ ፀዳለ፣ አንዲት ቃል ነበረች፣ መኪና ያለፈባት፣
ስለዚያ ሌሊት፣ ስለዚያ ሰውዬ…»

ዝም አሉ።
ጎሬ ሩቅ ነው።
አልዘጋሁም።