የጦሳ ሸርተቴ

ስለ አየሩ ጉዳይ ስብሰባ ሲጠራ
አዳራሹ ባዶ፣ ወንበር ለወንበር ነው የሚያወራ።
መምህር ሙሄ ግን፣ ያ የጂኦግራፊው፣
ግራፉን ጠቅልሎ ከጥግ አስደገፈው፤
በካርቶን ቁራጭ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈው፦
«የጦሳ ሸርተቴ! ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት፤
ጀሪካን ያለው ይምጣ፣ ልጅም ሆነ አባት።»
አንዱን ከባጃጄ ጀርባ ለጠፈልኝ፤
ቀኑን ሙሉ መንገደኛው ከኋላ ሳቀልኝ።

ወጣ ደሴ ሙሉ። ከሸዋ በር፣ ከአራዳ፣
ከሰኞ ገበያም፣ ባለሱቅ ከነባለዕዳ።
ማን ያልወረደ አለ? የማን ሱሪ ነው ያልተቀደደ?
ማን ነው በዚያ ጭቃ፣ ማታ በአለንጋ ያልተወደደ?
ጀሪካን በቢላ ለሁለት ሰንጥቀን፣
ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለታናሼ፣ ጉም ውስጥ ሰጥመን፣
በድምፅ ተፈላልገን፣
ከታች ከጭቃው ስንደርስ፣
ጧ!
በረዶ የጣለ ለትማ በጣሳ ለቅመነው፣
ጥርስ እስኪደነዝዝ በስኳር ቆረጠምነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ነሐሴ ነው። ጦሳ ጉሙን አውልቋል፤
ያ የምንወርድበት ለስላሳ ቁልቁለት እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል።
ልጆች ተሰለፉ ጀሪካናቸው ላይ።
ፊሽካው ተነፋ። ቆመን ምን እንይ!
ማንም ንቅንቅ አላለም፤
አቧራ ተነሣ እንጂ አንድም ልጅ አልወረደም።

ሳቅ ሆነ መጀመሪያ፤ እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም።
ዘምዘም፣ የይማም ልጅ፣ ስምንት ዓመት አይሞላትም፣
ቀና ብላ «ጋሼ፣ ሸርተቴ ይሄ ነው?» ስትል
ሳቃችን እንደ ቧንቧው ውሃ ቀጥ አለ፣ መሀል።

«አብሽሩ፣ ይዘንባል» አሉ ሸህ እንድሪስ።
«ዘንቦ ነበር አምና፣» አለ አንዱ፣ «በአንድ ሌሊት አውርዶ ሲጨርስ፣
ያንን ሁሉ አፈር ቦርከና ጠቅልሎ
በሐረጎ ሥር ወሰደው፣ ለኮምቦልቻ ብሎ።»

ሙሄ አልተናገረም። ከሰል አደለን።
«መጨረሻ የወረዳችሁበትን ዓመት ጻፉ» አለን።
ጻፍን በየጀሪካኑ። የእኔ ዘጠና ስምንት፣
የባለሱቁ ሰባ ሦስት፣
የታናሼ ሁለት ሺህ አንድ፤ አስታውሶ ሳይሆን ገምቶ፤
ከሁለት ሺህ አራት ወዲህ የጻፈ ሰው ጠፍቶ
እርስ በርስ ተያየን።
በቀበሌው አጥር ላይ ተርታውን ሰቀልን፤
ቢጫ በቢጫ ሆነ። አላፊው እየቆመ
የራሱን ዓመት ፈለገ፣ ከንፈሩን እየገጠመ።

ዘምዘም ከሰሉን ይዛ ብዙ ቆየች፤
ኋላም
ባዶውን ሰቀለች።