የደም ነገር አማላጅ

«ወለሉ ይቆይሽ» አለችኝ ሊሲ፣ ጓንቷን እያወለቀች፣
«ያገርሽ ልጅ ነች መሰል፤ ቅጹን ታቅፋ ግድግዳ ታያለች።»
እጄን በሽርጤ ጠረግሁት፣ በረኪና የጠገበ እጅ፤
ገብቼ ተቀመጥሁ፣ በደማም ከተማ፣
የደም ነገር አማላጅ።

ሉባባ ነው ስሟ። የጨፋ ልጅ። ከፊሏ ከበሩ ቆሟል፤
የአባቱ ልብ ነገ ይከፈታል፣ ምትክ ደም አምጡ ተብሏል።
(ከፊል ይሉታል አሠሪውን፤ በእኛ አፍ ከፊል ግማሽ ነው፤
እሱ ግን ፓስፖርቷንም ስልኳንም
ሙሉውን ነው የያዘው።)

ሊሲ በዐረብኛ ታነባለች፤ እኔ አሻግራለሁ።

«ዛሬ ደኅና ነሽ?»
የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ቀላሉ፣ ሁሉም ዘሎት የሚያልፈው።
ሉባባ ግን ቆመችበት፤
«እኔን ነው?» አለች።
«አንቺን ነው።»

«ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛሽ?» ጣቷን ቆጠረች፤ አራት አልሞላም።
«ቁርስ?» «ሻይ።» «ከሻይ ሌላ?»
ከሻይ ሌላ የለም።

«ወባ ይዛሽ ታውቃለች?» ስላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤
«መስከረም በጠባ ቁጥር፣ ሳትጠራ እንደ አማት ትመጣለች።»
«ዋግምትስ? በምላጭ የተበጣ ገላ አለሽ?»
«እንጥሌን ብቻ፣ በልጅነቴ። የቆረጡኝ አዛውንት ሞተዋል፤ ምን ልንገርሽ።»

«ለምትሰጪው ደም ክፍያ ተቀብለሻል?»
«ክፍያ? ደመወዜን ካየሁ አራት ወሬ ነው።»
ይህን ቃል ለሊሲ በየት በኩል ልክፈተው?
ደም አለበት፤ ወዝ አለበት፤
ወዙን የማዳም ወለል ጠጣው፤
የተረፈውን ሊወስዱ መጡ፣ የተረፈው ደሙ ነው።

ከዚያ የመጨረሻው፦ «በፈቃድሽ ነው? ያስገደደሽ ሰው የለም?»

ከበሩ ማዶ የመኪና ቁልፍ ቅጭል ቅጭል ይላል።

«ሽማግሌው ክፉ አይደሉም» አለች፣ ወደ እኔ ዝቅ ብላ፤
«አንድ ቀን በእጃቸው ቴምር ሰጥተውኛል፣
ፍሬውን ራሳቸው አውጥተው።
ለሳቸውስ አልሰስትም።
ብቻ ማንም አልጠየቀኝም፤
መኪናው ውስጥ ግቢ ነው የተባልሁት።
ይህን እንዴት ብለሽ ትነግሪያታለሽ?»

እኔ ምን አውቃለሁ። ሳጥኑ ሁለት ነው፤ አዎ ወይም አይደለም።
ሰጭ ሆና የተነዳች፣ ቅጹ ላይ ቦታ የላትም።
እንዳለችው ነገርኋት ለሊሲ፣ በተሰባበረ ዐረብኛ፣
ቴምሩንም ሳልተው።

ሊሲ ብዕሯን አስቀመጠች። ጣቷን ወጋቻት፤
ጠብታዋን ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ለቀቀቻት።
ደም ከበረታ ይሰምጣል፤ ከሳሳ ይንሳፈፋል።
ሦስታችንም አጎንብሰን አየናት፤
ከብርጭቆው መሐል ቆማ
መውረዱንም መውጣቱንም የምታስብ ትመስላለች።

ሊሲ እስክትወስን አልጠበቀችም።
በሩን ከፈተች፦ «ደሟ ሳስቷል። ሥጋ ትብላ። ትተኛ።
ከስድስት ወር በፊት እንዳታመጣት።»
ከዚያ አዲስ ቅጽ ከነብዕሩ ዘረጋችለት፤
«እስከዚያ አንተ ሙላው። አባትህ አይደሉም እንዴ?»

ተቀመጠ።

ሉባባ ላልሰጠችው ደም የተሰጣትን ጁስ ትመጥጣለች፤
እኔ ባልዲዬን አነሣሁ።
ሰውየው ገና የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው፤
ብዕሩ አልተንቀሳቀሰም።