የአንገት ልክ

ደብዳቤው ሲመጣ ወሩ ሐምሌ ነበር፣
ጀንበር ሳትጠልቅ የምታድር ከወንዙ ባሻገር።
የመኝታ ቤቱን መስኮት በፎይል ሸፍነን፣
ቤቴል ላይ ጨለማን በእጃችን ሠርተን፣
እኔና ኦርሊን እንተኛለን።
ማለቴ፣ እሱ ይተኛል።

«ውድ አብራሪ» ይላል፣ ማኅተም ያለበት፣
«ከአሥራ ሰባት ኢንች ከበለጠ አንገት፣
ክሊኒክ አድሮ፣ ሽቦ ተለጥፎበት፣ ሳይፈተሽ ሌሊት፣
ፈቃድ አይታደስም።» ፊርማ አለው ከታቹ፤
የሰው ስም አይወጣም ከጭረቶቹ።

ኮሌታውን ፈታ። የእኔን የስፌት ሜትር ከመሳቢያ አውጥቶ
ለካ። አሥራ ስምንት ተኩል።
እንደገና ለካ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣
እንደ ሆድ አንገትም የሚደበቅ መስሎት።
አሥራ ስምንት ተኩል።
«አንገተ ደንዳና» ትለው ነበር እናቱ
መጽሐፉን ጠቅሳ፣ በልጅነቱ፤
ይኸው መንግሥት መጥቶ
ቁጥር አወጣለት ለደንዳናነቱ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት!» አለ ጠረጴዛውን መትቶ፣
«ጭጋግ ሰንጥቄ፣ በረዶ ክንፌን በልቶ፣
ለናስታሲያ ኢንሱሊን፣ ለትምህርት ቤት ወተት፣
ለሙሽራ ኬኳን፣ ለሟች ሳጥን ይዤ ስባክን በኖርኩበት፣
አንድ ቀን አሸልቤ?
ዋሽንግተን ወንበር ላይ የሚያንጎላጅ ጸሐፊ ነው
ፈራጅ በዐይኔ ቆብ፣ ፈራጅ በቀልቤ?
ዛሬ አንገቴን ለካ፣ ነገ ሕልሜን ይለካል፣
ከነገ ወዲያማ ከአልጋችን መሐል
ታዛቢ ወንበሩን ዘርግቶ ይቀመጣል።»

አዳራሹ ሞላ፣ ስብሰባ ተጠርቶ።
ከመሥሪያ ቤቱ የመጣችው ሴት፣ ወይዘሪት ፕሬንቲስ፣
ቀጭን አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ
ግራፍ አሳየችን፣ ቀይ መስመር ያለው፤
ሙታንን አሳየችን፣ ያለ ስም፣ በመቶኛ።
ኦርሊን ተነሣ። «እመቤቴ፣ እኔ በመቶኛ አልበርም፤
በሴስና ነው የምበረው።»
ናስታሲያ እንኳ ሳቀች፣ ወለሉን በምርኩዟ እየመታች።
እኔም አጨበጨብኩ፣ መዳፌ እስኪቀላ።
እውነቱን ነዋ! ክሊኒኩ አንኮሬጅ፣ ወረፋው አራት ወር፤
በአራት ወር ውስጥ ለናስታሲያ ማን ይብረር?

ግን ሌሊት አለ።
እሱ ሲያንኮራፋ እኔ እያኮረፍኩ፣
ጀርባዬን ሰጥቼ ስንት ዘመን ኖርኩ።
ማንኮራፋቱ ግን፣ ለማንም አላልኩም፣
ማንኮራፋቱ ነው ሰላሜ። የምፈራው ሲቆም።
ሲቆም እቆጥራለሁ።
አሥራ ዘጠኝ ላይ ማቀዝቀዣው ይንዘፈዘፋል፤
ሃያ ስድስት ላይ የጎረቤት ውሻ ሰንሰለቱን ይጎትታል፤
ሠላሳ አንድ ላይ
ከወንዝ ሥር እንደተጎተተ ሰው አየር ይጎርሳል፣
የጠፋው ሞተር ይነሣል።
ጠዋት ጥርሱን እየፋቀ «እንዴት አደርሽ?» ይለኛል።
«ደኅና።»

መጋቢት ላይ አንድ ቀን ከበረራ ሲገባ
«ዛሬ ወንዙ ድንገት ቀረበኝ» ብሎ ሳቀ፣
ጓንቱን አወለቀ፣
ሾርባውን ጠጣ። እሱ ረስቶታል።
እኔ አልረሳሁም።

ያ የፈራው ታዛቢ፣ ከአልጋችን ይገባል ያለው፣
ገብቶ ከርሟል። እኔ ነኝ።
ማኅተም የለኝ፣ ደመወዝ የለኝ፣
የእኔን እንቅልፍ የሚመረምር መሥሪያ ቤት የለኝ።

ዛሬ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ በባዶ እግሬ ወጥ ቤት ቆሜ
በደብዳቤው ግርጌ ያለውን ቁጥር ደወልኩ።
ዋሽንግተን ነግቷል። ወዲያው ተነሣ።
«የአብራሪው ስም ማን ልበል?» አለች አንዲት ሴት፣
ገና ከእንቅልፏ የተነሣች በሚመስል ድምፅ።
አፌን ከፈትኩ።
ከመኝታ ቤቱ በኩል ዝም አለ።
አንድ። ሁለት።
«ሃሎ?» ትላለች ሴትዮዋ።
ሦስት።