ሰም የሌለው ቤት

በሂዩማ ደሴት ጣራ ሥር እምታ ሲሰማ፣
ስልክ የሚደወለው ለኔ ነው፣ ከወደቡም ከየጫካው ጫማ።
«ታርሞ፣ ንቦች ገቡብኝ» ይላሉ፤ «መሰላልህን ይዘህ ና።»
ንብ አይደለም እላለሁ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ ገና።

ንብ ጠጉራም ናት፣ ቡናማ፣ እግሯ ላይ ዱቄት የጫነች፤
ተርብ ግን ልሙጥ፣ ወገበ ቀጭን፣ ቢጫ በጥቁር የለበሰች፤
ስትበር እግሯን የምታንጠለጥል፣
ከገበታህ ሥጋ እንደ ባለቤት ቆርሳ የምትነጥል።
ንብ በሰም ትገነባለች፤ ተርብ ሰም አልተሰጣት፤
ደረቅ እንጨት ፍቃ፣ በምራቋ ለውሳ፣ ወረቀት ነው ቤት የሆናት።

ሄልዩ የደወለችው በነሐሴ መግቢያ፣
ቅዳሜ፣ በሳውና ማሞቂያ።
«ሁለት ናቸው» አለች። «አንዱ ከድንቹ መደብ፣ ከመሬት በታች፤
ሌላው ከሳውናው ክፈፍ ሥር፣ ጎመን ያክላል ባይህ።
በሰኔ ሎሚ አያክልም ነበር፤ ንግሥቲቱ ብቻዋን፣
ስድስት ክፍል ሠርታ ትዞር ነበር ደጃፏን።
በመጥረጊያ እንጨት ይወርድ ነበር ያኔ።
ተውኩት። ስንፍና ነው በለው፣ የኔ።»

የድንቹ መደብ የልጅ ልጇ የሊሲ ነው መሮጫዋ፤
አምና ተነድፋ አብጦባት ነበር እስከ ጉሮሮዋ።
እዚህ ላይ ክርክር የለም።
ሲመሽ ባትሪዬን ቀይ ጨርቅ አለበስኩት፤ ነጭ ብርሃን ይጠራቸዋል፤
ዱቄቱን በጉድጓዱ አፍ ነፍቼ ተመለስኩ፣ በእርጋታ፤ የሮጠ ይነደፋል።
ሌሊቱን ምድር እንደ ሩቅ ሞተር አጉረመረመች።
ጠዋት ዝም።
ሙያዬ ነው፤ ደስ ግን አይለኝም።

መሰላሉን ወደ ሳውናው ስሸከም ሄልዩ እጄን ያዘች፤
«ቆይ» ብላ ወደ ኤንደል ጀልባ ወሰደችኝ።
ከሣሩ ላይ ተደፍታለች፣ ሰባት ዓመት ውኃ ያልነካት፣
ባሏ ራሱ የጠረባት፣ ራሱ ሰማያዊ የቀባት።
አዳመጥን። ክርክር፣ ክርክር፣
አንዲት ተርብ ከጎኗ ተለጥፋ ትልጋለች በመስመር።
ከኋላዋ ጥፍር የሚያህል ነጭ ጭረት ይቀራል፤
የጀልባይቱ ቀለም በጥቂት በጥቂቱ ወደ ክፈፉ ይበራል።

ቀና ብዬ ጎጆውን አየሁ። ግራጫ፣ ግራጫ፣ ከዚያ መሐል
ቀጭን ሰማያዊ ዙር፤ ግራጫ፤ ደግሞ ሰማያዊ ይደገማል።

«ያቺን ጀልባ ማንም አልነካት» አለች፤
«ልጆቼም፣ እኔም። እነዚህ ግን…» ሳትጨርስ ተወች።

እኔ ልቤ አይባባም። «እንግዲያው ስሚ» አልኩ፤ «ቀዳዳቸውን እንዳትደፍኚ፤
ጣራሽን በልተው በሳውናው ውስጥ ይመጣሉ፣ እመኚ።
በሩን ዝጊ፤ በእንጆሪው በኩል ዙሪ፤ የወደቀ ፖም ልቀሚ፤
ጃም ደጅ አትተዪ፤ አንዷ ብትመጣ እጅሽን አታወናጭፊ፣ ቁሚ።
ውርጭ ሲወርድ ሠራተኞቹ ያልቃሉ፤ ወጣት ንግሥቶች ይበተናሉ፤
ባሮጌ ቤት ተመልሰው አይገቡም፤ ለከርሞ ሌላ ይሠራሉ።»

ሁለት ወር በገንዳ ታጠበች፤ ደሴቱ ሁሉ ሳቀብን፤
እኔን «የተርብ ዘበኛ» አሉኝ፤ ከተርቡ ይልቅ ተረቡ ነደፈን።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ሣሩ እንደ ብርጭቆ ሲሰበር፣
መሰላሉን አቆምኩ። በቀዳዳው ደጃፍ ማንም አልነበር።
በቢላ ለይቼ፣ በሁለት እጄ አወረድኩት፤
ከባርኔጣዬ ይቀላል፤ ክብደት ብፈልግ አጣሁበት።

ሄልዩ ከሳውናው ደረጃ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አኖረችው።
ሰማያዊውን ዙር በጣቷ ተከተለችው።
«ይኸኛው ከጎኗ ነው» አለች። «ይኸኛው ከአፍንጫዋ፣ ስሜን ከጻፈበት።»
ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም።
ከዚያ፣ ወደ ጀልባይቱ እያየች፣
የቀለም ዋጋ ዘንድሮ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ።